ለምትወዱት አክተር ብላችሁ ከቲያትር የተሰራ ፊልም ስታዩ እነዚህን አታርጉ

"ዴንዘል ያለበት ምን መጣ?" ብሎ ፍላሹን ለፊልም ጫኚው የሚያቀብል ሰው ጅማ ውስጥ ሞልቷል፣ አብዛኛው ርዕሱን እንኳን አያነብም፣ እና እኔ በበኩሌ ይሄ ምንም ነውር የለውም ባይ ነኝ። ብዙ ሰው ሼክስፒርን ከልቡ ያገኘው በክፍል ውስጥ ሳይሆን በሚወደው አክተር በኩል ነው። ችግር የሚመጣው አክሽኑ ኢኳላይዘር ነው ተብሎ የተከፈተው ፊልም የሼክስፒር ማክቤዝ ሆኖ ሲገኝ ነው፣ ሀያ ደቂቃ ሳይሞላ "ኧረ ይሄ ሰውዬ ዝም ብሎ ያወራል እንዴ" ይባልና ይዘጋል። አቦ ያወራላ! ከቲያትር የመጣ ፊልም ላይ አክተሩ ስራውን የሚሰራው በአፉ ነው፣ ሌላው ሲያወራ ደሞ በሚያዳምጥበት ፊቱ። አክተሩን ከምር ከወደዳችሁት እሱን እንደዚህ ጠግባችሁ የምታዩበት ሌላ ቦታ የለም፣ ዝም ብላችሁ እነዚህን ነገሮች ካላበላሻችሁ።

ያለፈውን ፊልሙን ይዞ መግባት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዴንዘል ዋሽንግተንን ሰው የሚያውቀው በትሬይኒንግ ዴይ፣ በማን ኦን ፋየር፣ በኢኳላይዘር ነው፣ ገና በር ከፍቶ ሲገባ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ የተሸነፈ የሚመስልበት ሰውዬ። በፈረንጆቹ 2021 በወጣው የዳይሬክተር ጆኤል ኮኤን ማክቤዝ ላይ ያ ሰውዬ የለም። እዚያ ያለው ስድሳዎቹን ያጋመሰ፣ የደከመው፣ የሚያመነታ የጦር መሪ ነው፣ ሚስቱን ሆና የምትሰራው ፍራንሲስ ማክዶርማንድም በእድሜ ከሱ ብዙ አታንስም። ይሄ ደሞ ታሪኩን ይቀይረዋል። ማክቤዝን ወጣት ሲሰራው ስልጣን ያቸኮለው ጎረምሳ ሊመስል ይችላል፣ እዚህ ግን ወራሽ የሌላቸው እድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት "አሁን ካልሆነ በቃ አይሆንም" ብለው ንጉሥ ሲገድሉ ነው የምታዩት።

አንድ ሲን ላሳያችሁ። ሰውዬው ረጅም ኮሪደር ይዞ ብቻውን እያወራ ይሄዳል፣ ከሩቅ የምታብለጨልጭ ጩቤ አለች፣ ቀረብ ሲል የበር እጀታ ሆና ትገኛለች። አይሮጥም፣ አይጮህም፣ ይራመዳል ብቻ፣ እና ከመግደሉ በፊት ራሱን ሲያሳምን በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ። ሼክስፒር የጻፈው ቲያትር ላይ ንጉሡ ሲገደል መድረክ ላይ አይታይም እኮ፣ የሚታየው ከግድያው በፊትና በኋላ ያለው ሰውዬ ነው። ተኩስ የሚጠብቅ ተመልካች ግን ይቺን ኮሪደር ስልኩን ሲጎረጉር ታልፈዋለች፣ ከዚያ "ዴንዘል አርጅቷል" ብሎ ይፈርዳል።

ቲቪውን መነካካት

ይሄኛው ትንሽ ይመስላል ግን ፊልም ይገላል። የኮኤን ማክቤዝ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ደሞ ስክሪኑን አይሞላም፣ ወደ ካሬ የተጠጋ ስለሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሆን ተብሎ ነው እንደዚህ የተሰራው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ቤት ቁጭ ብለን ፊልሙ ሲጀምር የቤቱ አባወራ ሪሞቱን አነሱ።

"ጋሼ አይንኩት፣ ፊልሙ ራሱ እንደዚህ ነው።"

"ዝም በል አንተ፣ ይሄን የሚያህል ቲቪ ገዝቼ ግማሹን ብቻ ላይ ነው?"

ዙም አረጉት። ስክሪኑ ሞላ፣ ጋሼም ደስ አላቸው፣ የዴንዘል ግንባርና አገጭ ግን ሄደ። ካሜራው ፊት ላይ ተጠግቶ የሚቆም ፊልም ነው፣ አይንና አፍንጫ ብቻ ይዘን ጨረስነው። ስትሬች ማረግ ደሞ የባሰ ነው፣ ሁሉም ሰው ሙምፕስ የያዘው ይመስላል። ቲቪውን ተዉት፣ ሁለት ደቂቃ ካያችሁ በኋላ አይናችሁ ይለምደዋል።

ስፖይለር መፍራት

"መጨረሻውን እንዳትነግረኝ" የሚባለው ነገር እዚህ አይሰራም። አራት መቶ አመት ያለፈው ታሪክ ምን ስፖይለር አለው? ሮሚዮና ጁልየት ላይ እኮ ደራሲው ራሱ ገና መግቢያው ላይ ሁለቱም እንደሚሞቱ ይነግራችኋል። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ በሰራበት በ1996ቱ ፊልም ይሄን መግቢያ ቲቪ ላይ ዜና አንባቢ ናት የምታነበው፣ ፊልሙ ሳይጀምር ሬሳቸውን ዜና አረገችው ማለት ነው። ስለዚህ እንቆቅልሹ "ምን ይሆናል" ሳይሆን "እንዴት እዚያ ደረሱ" የሚለው ነው፣ አክተሩን የምትመዝኑትም በሱ ነው። ታሪኩን ሳታውቁ ከገባችሁ ማን የማን አጎት እንደሆነ ስታጣሩ አክተራችሁ ያመልጣችኋል።

አስር ደቂቃ ታሪኩን አንብቡና ግቡ። በአማርኛ ማንበብ የሚፈልግ ደሞ እድለኛ ነው፣ ጸጋዬ ገብረመድህን ሐምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን መልሷቸዋል፣ ከበደ ሚካኤል ደሞ ሮሚዮና ጁልየትን። ጸጋዬን ጮክ ብላችሁ አንድ ገጽ ካነበባችሁ በኋላ ፊልሙ ላይ ያሉት ሰዎች ለምን እንደዚያ እንደሚያወሩ ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል።

በትርጉም ማየት

እዚህ ላይ ጅማ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ተጣልቻለሁ፣ ልቀጥል። አንድ ሰውዬ ከላይ ሆኖ የሚተርክበት ትርጉም ለአክሽን ፊልም ይሄዳል፣ አንዳንዱ ተርጓሚማ ከፊልሙ በላይ ያስቃል። ግን ለአክተር ብለህ ነው የገባኸው፣ የአክተሩን ድምጽ ደፍነህ ምንህን ታያለህ? ማክቤዝ ላይ ሶስቱንም ጠንቋዮች የሰራችው አንዲት ሴት ናት፣ ካትሪን ሀንተር የምትባል፣ ሰውነቷን እንደ ገመድ እያጠማዘዘች በአንድ ጉሮሮ ሶስት ሰው ሆና ታወራለች። በትርጉም ካያችኋት አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ስትንፈራገጥ ነው የምታዩት፣ በቃ።

እንግሊዝኛ ሰብታይትል አብሩ፣ እንግሊዝኛችሁ ውሃ ቢሆንም አብሩ፣ ያ ቋንቋ ለዛሬ እንግሊዞችም ይከብዳል። እያንዳንዱን ቃል ለመያዝ አትታገሉ፣ ታሪኩን ካወቃችሁ ግማሹን ብትይዙ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ከመጀመራችሁ በፊት ቼክ አርጉ፣ ሰብታይትሉ ከንግግሩ ጋር ይሂድ፣ አምስት ሰከንድ የዘገየ ሰብታይትል ላይ ገዳዩ ሲያወራ የሟቹን ነው የምታነቡት። ክረምት ላይ ደሞ ኢርፎን፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ በሹክሹክታ የሚነገር ንግግር ማንም አይሰማም።

የእሱን ሲን ብቻ እየፈለጉ ማሳለፍ

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አክተሩ ከስክሪን ሲወጣ ወደፊት መግፋት፣ ሲመለስ ማጫወት። በ1993 የወጣው የሼክስፒር መች አዱ አባውት ነቲንግ ላይ ዴንዘል ልዑል ሆኖ አለ፣ ግን ዋናዎቹ ኬኔት ብራናና ኤማ ቶምሰን ናቸው፣ የእሱን ብቻ እየቆረጣችሁ ካያችሁ አንድ በፈረስ የሚመጣ ደስ የሚል ሰውዬ ታያላችሁ እንጂ ፊልም አላያችሁም። መጀመሪያ ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ እወቁና ተቀመጡ።

ፌንስስን ውሰዱ። ኦገስት ዊልሰን የጻፈው ቲያትር ነው፣ በ1987 ፑሊትዘር የሚባለውን የአሜሪካ ሽልማት የወሰደ፣ ዴንዘልና ቪዮላ ዴቪስ በ2010 ኒውዮርክ ብሮድዌይ መድረክ ላይ ሰርተውት ሁለቱም ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት ወስደዋል፣ ከዚያ ዴንዘል ራሱ ዳይሬክት አርጎት በ2016 ፊልም ሆነ። ያ ሁሉ ምሽት መድረክ ላይ የተጫወቱት ነገር ነው ካሜራ ፊት የመጣው። ሰው ፊልሙን ሲያማርር "ከዚያ ግቢ አይወጡም እንዴ" ይላል። አይወጡም፣ ጥቂት ቦታ ከመሄዳቸው በስተቀር ሁሉ ነገር የሚሆነው እዚያች የጓሮ ግቢ ውስጥ ነው፣ ቆሻሻ ጫኚው ትሮይ ሲያወራ፣ ሲዋሽ፣ ልጁን ሲያሸማቅቅ። ዴንዘል እዚያ ላይ የማያቆም ምላስ ነው ያለው፣ ትስቃላችሁ፣ ትወዱታላችሁ፣ እና በኋላ ለሚስቱ ከሌላ ሴት ልጅ ሊወልድ እንደሆነ ይነግራታል። እዚህ ጋ ቪዮላ ዴቪስ ትነሳለች። እንባዋና ንፍጧ አንድ ላይ እየወረደ፣ ሳትጠርገው፣ አስራ ስምንት አመት አብሬህ የቆምኩት እኔስ ብላ ትጠይቀዋለች። ኦስካር የወሰደችበት ስራ ነው። ግን እናንተ ለዴንዘል አይደል የመጣችሁት? እንግዲያው እሷ ስታወራ እሱን እዩት። ፊልሙን ሙሉ ሲያወራ የነበረ ሰውዬ ቃል ሲያጣ ፊቱ ምን እንደሚሆን እዩ። የእሷን ንግግር ያሳለፈ ሰው የእሱን ትልቁን ስራ አሳለፈ።

ዘፈን መዝለል የህንድ ፊልም ወዳጆች በሽታ ነው፣ እና እዚህ ከተማ ስንት የህንድ ፊልም ወዳጅ እንዳለ ታውቃላችሁ። ሻሂድ ካፑርን ወዳችሁ በ2014 የወጣውን ሃይደርን ካስጫናችሁ ሐምሌትን ነው ያስጫናችሁት። ቪሻል ባርድዋጅ የሚባለው ዳይሬክተር ታሪኩን ወደ 1995ቱ ካሽሚር ወስዶት ነው፣ አባት ይጠፋል፣ አጎትየው እናትየዋን ያገባል። ከዚያ ሰርግ ላይ ዘፈን ይመጣል፣ ትላልቅ አሻንጉሊቶች ተይዘው ሻሂድ በአጎቱና በእናቱ ፊት ይጨፍራል። "ዘፈን መጣ፣ ቡና አፍሉ" ተብሎ የሚዘለለው ይሄ ነው! ሼክስፒር ላይ እኮ ሐምሌት ተዋንያን ጠርቶ የአባቱን አገዳደል በገዳዩ ፊት ያሰራል፣ የሰውዬው ፊት ይጋለጥ እንደሆነ ለማየት። ዳይሬክተሩ ያንን ቲያትር ወደ ዘፈን ቀየረው፣ የሻሂድ እያንዳንዱ እርምጃ ክስ ነው። ያቺን ዘፈን ዘላችሁ ፊልሙን ከጨረሳችሁ ምሰሶው የሌለበት ቤት ነው ያያችሁት። እናትየዋን የሰራችው ታቡም አለች፣ ፊቷን አትልቀቁ። ያው ዳይሬክተሩ ማክቤዝን ማቅቡል፣ ኦቴሎን ኦምካራ ብሎ ሰርቷቸዋል፣ ኢርፋን ካንን የሚወድ ማቅቡልን ይፈልግ።

በርጫ ላይ መክፈት

አጭር ነው። ምርቃናው ሞቅ እስኪል ሁሉም ሰው ከፊልሙ በላይ ያወራል፣ ከዚያ በኋላ ደሞ ማንም አያወራም ግን ፊልሙንም አያይም። ኳስ እዩበት። እንደዚህ አይነት ፊልም ለአንድ ወይ ለሁለት ሰው ነው፣ ሶስተኛው ሁሌ "ይሄኛው ማነው" የሚለው ነው።

ርዝመቱን ሳያዩ መጀመር

የኬኔት ብራና የ1996ቱ ሐምሌት ጽሁፉን ሳይቆርጥ የሰራው ስለሆነ አራት ሰዓት ነው። አራት! ማታ ሶስት ሰዓት ላይ ከፍታችሁ መብራት ቢሄድባችሁ ማንንም አትውቀሱ። የሜል ጊብሰኑ የ1990ው ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፣ ለጀማሪ እሱ ይሻላል፣ ብራናን ለበዓል እረፍት አቆዩትና መሀል ላይ ምሳ እየበላችሁ እዩት። ለዴንዘል ብሎ የሚጀምር ሰው ደሞ ከፌንስስ ይጀምር፣ ቋንቋው የዛሬ ሰው ቋንቋ ነው፣ ማክቤዝ ከሁለት ሰዓት በታች ስለሆነ ቀጥሎ ይገባል፣ ላፕቶፑን ብቻ ቀድማችሁ ቻርጅ አርጉ።