ክብደትን ቀስ በቀስ መቀነስ፦ ከሐኪም ቤት እስከ መሶብ

ጎንደር ውስጥ ወፈር ማለት ለረጅም ጊዜ የምቾት ምልክት ነበር። «አማረብሽ፣ ተመቸሽ» እንባባላለን። አሁን ግን ስኳርና ደም ግፊት በየቤቱ ገብተዋል፤ «ያ የሚያከሳው መርፌ የት ይገኛል?» የሚል ጥያቄም አብሮ መጥቷል። መርፌው (ሴማግሉታይድ ይባላል) እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ይሠራል። ነገር ግን በስልክ ማስታወቂያ አይቶ ከሻንጣ ነጋዴ የሚገዛ ነገር አይደለም። የቤቱ ድስት ካልተለወጠም ውጤቱ አይዘልቅም። ለቅርብ ሰዎቼ የምመክረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ልካችሁን እወቁ

ሚዛን ላይ ውጡ። ቤት ውስጥ ሚዛን ባይኖር ጤና ጣቢያ አለ፣ ፋርማሲ አለ፣ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆችም አሉ። ዋናው ነገር ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት መመዘን ነው። በየቀኑ ከተመዘናችሁ የምታዩት የውሃና የጨው መዋዠቅን ነው፤ በከንቱ ተስፋ ያስቆርጣል።

ከዚያ ክብደታችሁን በኪሎ ጻፉና ለቁመታችሁ በሜትር ሁለት ጊዜ አካፍሉት። 80 ኪሎ የምትመዝንና ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነች ሴት 31 ገደማ ታገኛለች። ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሉት ይህን ነው። ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት ይባላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ካገኛችሁ ወገባችሁንም ለኩ። ሴት ከ88፣ ወንድ ከ102 ሴንቲ ሜትር ካለፈ አሳሳቢ ነው። ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ የሚያጋልጠው ጭን ላይ ያለው ስብ ሳይሆን ቦርጩ ነው።

መድኃኒቶቻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ

ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሰልጠኛ ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት። ዛሬም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እዚሁ አለ፤ ጤና ጣቢያዎችና የግል ክሊኒኮችም አሉ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ቅባት፣ ኩላሊትና ጉበት ይታዩ። ድካም፣ ብርድ አለመቻልና የሆድ ድርቀት ካለ ታይሮይድም ይመርመር።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ላይ ደርሰናል። የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ለሐኪሙ አሳዩት። አንዳንዱ ራሱ ያወፍራል። ዴፖ የሚባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ፣ ለስኳር የሚሰጡት ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለድብርት ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ኦላንዛፒን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዬት እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ አማራጭ እንዳለ ጠይቁ። «ለማማር» ተብሎ ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ ሲወስድ የከረመ ሰው ደግሞ ሳይደብቅ ይናገር። ያን ክኒን ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል።

የመጀመሪያ ግባችሁ ትንሽ ይሁን። ከክብደታችሁ ከመቶ አምስት እጅ በቂ ነው። 80 ኪሎ ለሆነች ሴት 4 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ያህል መቀነስ ብቻውን ደም ግፊትንና ስኳርን ያሻሽላል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጥሩ ፍጥነት ነው፤ በወር ሁለት ኪሎም ያስደስታል። በጣም ፈጥኖ መክሳት የሐሞት ከረጢት ጠጠር ያመጣል፣ ጡንቻም ይበላል።

ዘይቱን ለኩ

ከሁሉም በላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው ስለ ዘይት ነው። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 በላይ ካሎሪ አለው። ለአንዲት ሴት የአራት ቀን ምግብ ያህል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ወጥ ስንሠራ ግን በማንኪያ አንለካም፤ ከጀሪካኑ አዘንብለን እናንቆረቁራለን።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አዲስ ዘይት ስትከፍቱ ቀኑን ጀሪካኑ ላይ ጻፉ። ሲያልቅም ጻፉ። የቤተሰቡን ቁጥር አስቡና ለአንድ ሰው በቀን ስንት እንደደረሰ አስሉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ቀጥሎ በሩብ ቀንሱ፤ ከወር በኋላ ደግሞ ትንሽ። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉት። ዶሮ ወጥ የምታውቅ ሴት ይህን አታጣውም፤ ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ ነው ዘይቱ ወይም ቅቤው የሚገባው። ያንኑ ጥበብ ለሽሮውም ለምስሩም ተጠቀሙበት። ዘይት የሚንሳፈፍበት ተጋቢኖ አልፎ አልፎ ይሁን፤ ለዕለት ተዕለት ፈሰስ ያለ ሽሮ ይሻላል። በፆም ወራት ሥጋ ሳይበሉ ኪሎ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ መንስኤው ይኸው ዘይትና ዳቦ ነው።

ስኳሩም ቀላል አይደለም። ቡና በቀን ሁለት ጊዜ የሚፈላበት ቤት አስቡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ከተጨመረ በቀን 12 ማንኪያ፣ ወደ 50 ግራም ስኳር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የላይኛው ጣሪያ ይህን ያህል ነው፤ ቢቻል ግማሹን ይላል። ቡናውን አትተዉት። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ስኳር ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። ለስላሳውን በአምቦ ውሃ ተኩት። ዳሸን ቢራም ጠላም ካሎሪ አላቸው፤ የምትጠጡ ከሆነ ቁጥሩን ወስኑ።

እንጀራ ጠላታችሁ አይደለም። ችግሩ መሶብ ላይ ስንት እንደበላን አለማወቃችን ነው። ከቤተሰብ ተለይቶ በሳህን መብላት ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ ደስም አይልም። ከመሶቡ ሳትለዩ የራሳችሁን ግማሽ ወይም አንድ እንጀራ ከፊታችሁ አስቀምጡ። እሱ ሲያልቅ ከሌላው አትቁረሱ። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ፎሶሊያና ቀይ ሥር ግን ይብዙ፤ ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ የአትክልቱን ፌስታል ከዳቦው አስበልጡ። በእኛ አካባቢ የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር መቀላቀል የተለመደ ነው፤ ኑሮውም ያስገድዳል። ከቻላችሁ ግን የሩዙን ድርሻ ቀንሳችሁ ማሽላ ወይም ገብስ አስገቡ፤ አሰራቸው ሆድ ይይዛል።

መድኃኒቱ መቼ ይገባል?

ቢኤምአያቸው 30 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች፣ ወይም 27 ሆኖ ደም ግፊትን ወይም ስኳርን የመሰለ ተጓዳኝ በሽታ ላለባቸው ሐኪም መድኃኒት ሊያስብ ይችላል። መድኃኒት መውሰድ ስንፍና አይደለም። ውፍረት ከረሃብ ስሜት፣ ከሆርሞንና ከዘር ጋር የተያያዘ ሕመም ነው። ማንም በዚህ ሊያፍር አይገባም።

ስሙ የሚነሣው መርፌ ሴማግሉታይድ ነው። ለስኳር በሽታ ኦዜምፒክ፣ ለክብደት ደግሞ ዌጎቪ በሚል ስም ይሸጣል። ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን አንድ ሆርሞን አስመስሎ ይሠራል። ጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲራገፍ ያደርጋል፤ ለአንጎልም «ጠገብኩ» የሚል መልእክት ይልካል። በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል። የሚጀመረው በ0.25 ሚሊ ግራም ነው፤ መጠኑ በየአራት ሳምንቱ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ መቸኮል ትውከት ይጠራል። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ጥናት ተሳታፊዎች በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው ከመቶ 15 እጅ ያህል ቀንሰዋል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ምግብም ቀንሰው፣ እንቅስቃሴም ጨምረው ነበር። ቲርዜፓታይድ የተባለው ሌላው መርፌ ከዚህም በላይ ይቀንሳል።

ኦርሊስታት ደግሞ ክኒን ነው። ከምንበላው ቅባት ሲሶ ያህሉ ሳይመጠጥ እንዲወጣ ያደርጋል። ቅባት የበዛበት ወጥ ከበላችሁ ዘይት የመሰለ ተቅማጥ ያመጣል፤ አንዳንዴም ያመልጣል። ቫይታሚንም ስለሚቀንስ ሐኪሙ ማታ የሚወሰድ ቫይታሚን ሊያዝ ይችላል።

የመርፌው የተለመዱ ጉዳቶች ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ ተቅማጥና የሆድ ድርቀት ናቸው። በትንሽ በትንሹ መብላትና ቅባት መቀነስ ያቀልላቸዋል። ወደ ጀርባ የሚወጋ የማያባራ ከባድ የሆድ ሕመም ግን የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። የዓይን ቢጫ መሆንም፣ ውሃ እንኳ አልረጋ የሚል ትውከትም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴት አትወስደውም፤ ሴማግሉታይድ ከእርግዝና ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ ይቆማል። በቤተሰቡ ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰውም አይወስደውም። ቀዶ ጥገና ካለባችሁ መርፌውን እንደምትወስዱ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ስለ መግዣው አንድ ነገር ልበል። ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ በተለያዩ አገሮች ተይዟል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። በሐኪም ትእዛዝ፣ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ፣ ከነካርቶኑና ከነደረሰኙ ግዙ። ያልተከፈተ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል፤ ከበረዶው ክፍል ራቅ አድርጉት፣ በረዶ ከሆነ ወዲያ አይሠራም። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ። አስቀድማችሁም የዓመቱን ወጪ አስሉ። ሁለት ወር ወስዶ ገንዘብ ሲያልቅ ከማቆም በዘይቱና በእርምጃው ብቻ መቀጠል ይሻላል።

የሚያከሱ ተብለው የሚሸጡ ሻዮችን ግን ተዉአቸው። ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚቀንሰው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም።

ፆምና ፍስክ

መርፌውን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መፆም አይከብደውም፤ ረሃቡ ጠፍቷልና። አደጋው ሲፈታ ነው። ሁለት ጉርሻ በልቶ ይጠግብና ሰውነቱ ፕሮቲን ያጣል፤ ያኔ ጡንቻ ይከሳል። ስለዚህ ከእንጀራው በፊት ምስር፣ ባቄላ፣ አተር ወይም የሽምብራ ንፍሮ ይቅደም። ውሃ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ደጋግማችሁ ጠጡ። ትውከት ወይም ተቅማጥ ካለባችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይፁም፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህ ረመዳንን ለሚፆሙም እኩል ይሠራል።

ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በባዶ ሆድ ዶሮ ወጥ ላይ መውደቅ ለዚህ ጨጓራ አይሆንም። እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በተልባ ጀምሩ። ከዚያ ትንሽ ቅመሱ፤ ቀሪው ለነገ ይቆይ።

እርምጃ

ጎንደር ዳገት አትሰስትም። የፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፤ በውጭ በኩል ሦስት ጊዜ መዞር ለአብዛኛው ሰው የግማሽ ሰዓት ያህል እርምጃ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ይህን ካደረጋችሁ የሚመከረውን 150 ደቂቃ ሞላችሁ። ጉልበታችሁ ሲጠነክር ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ወደ ቁስቋም፣ ወደ ጎሃ ውጡ። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ደልዳላውን ይምረጡ። ባጃጅ የምትጠቀሙ ከቤታችሁ ራቅ ብላችሁ ውረዱ። ክረምት ዝናቡ ካላስወጣ ከበርጩማ ላይ እጅ ሳትደገፉ አሥር ጊዜ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ አረፍ ብላችሁ ድገሙት። ጡንቻ የሚጠበቀው በዚህ ነው፤ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ላሉ።

የሰው አፍ

ኪሎ ሲቀንስ «ምነው ከሳሽ? ደህና አይደለሽም እንዴ?» የሚል ይበዛል። ሰው ወዶ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ግን ብዙዎችን ያስቆማቸው ይህ ንግግር ነው። መልሱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። «ደህና ነኝ እትዬ፣ ለስኳሬ ብዬ በሐኪም ክትትል እየቀነስኩ ነው» ማለት ይበቃል። በሠርግና በዝክር «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ» ሲሏችሁ አንዷን ጉርሻ ተቀበሉና አመስግኑ፤ ሁለተኛዋን ራሳችሁ መልሳችሁ አጉርሱ። ቤት ውስጥ ግን ወጥ የሚሠራው ሰው ነገሩን ይወቅ። ባል ብቻውን ወይም ሚስት ብቻዋን የምትቀንስበት ቤት ድስቱ አይለወጥም።

ሲቆምና ስታቆሙ

ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ይላል። ይህ በሁሉም ላይ ይደርሳል። ትንሽ ሰውነት የሚፈልገው ምግብም ትንሽ ነው። ዘይቱን እንደገና ለኩ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ያህል መተኛታችሁን አረጋግጡ፣ እርምጃውን ጨምሩ። በሙሉ መጠን ሦስት ወር ወስዳችሁ ከመቶ አምስት እጅ ካልቀነሳችሁ መድኃኒቱ ለእናንተ አልሆነም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ ይለውጠው።

መርፌውን ሲያቆሙ ረሃቡ ይመለሳል። ያቆሙት ሰዎች በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን መልሰው እንደጨመሩ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ማቆሚያውን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት፤ ፋሲካ ወይም ሠርግ ሰሞን አይሁን። ካቆማችሁ በኋላ ሳምንታዊውን ሚዛን አትተዉ። ሁለት ኪሎ ከጨመራችሁ አሥር እስኪሆን ሳትጠብቁ ቀጠሮ ያዙ።