የሰናፍጭ ጋዝና የቆዳ ቀለም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሕክምና ተማሪዎች በጦር መሣሪያነት ስላገለገለው መርዝ፣ ስለ ሰናፍጭ ጋዝ፣ ሲጽፉ በቅድሚያ የሚሳሳቱት ጉዳቱን ከእሳት ቃጠሎ ጋር በማመሳሰል ነው። በተለመደው የአየር ሙቀት ዘይት መሰል ፈሳሽ የሆነው ይህ መርዝ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አያምም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሴሎች ዘልቆ የዲኤንኤን ሁለት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ውሃ መቋጠሩ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ግን «ሜላኖሳይቶች ይሞታሉ፣ ስለዚህ ቆዳው ይነጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ግማሽ እውነት ስለሆነ ለማረም ከሙሉ ሐሰት ይበልጥ ያስቸግራል። ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይቶች የሚገኙት በላይኛው የቆዳ ክፍል የታችኛው ረድፍ ላይ፣ መርዙ አብዝቶ በሚያጠቃቸው ተባዢ ሴሎች መካከል ነው። የመርዙ መጠን ከፍ ሲል አብረው ይሞታሉ፤ ዝቅ ሲል ግን የተረፉት በብግነቱ ተቀስቅሰው ከወትሮው የበለጠ ሜላኒን (የቆዳውን ቀለም) ያመርታሉ፤ ረድፉ ሲፈርስም ሜላኒኑ ወደ ውስጠኛው ቆዳ ወርዶ ማክሮፋጆች (ባዕድ ነገርንና ፍርስራሽን የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) ስለሚውጡት ጥቁረቱ ለረዥም ጊዜ ይቆያል። በኢራንና በኢራቅ ጦርነት የተጎዱ ወታደሮች ቆዳ ላይ የነጣውና የጠቆረው ጎን ለጎን የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ነጩን ቦታ በማጉያ መነጽር አስጠግቶ የሚመለከት ሰው በፀጉር ሥሮች ዙሪያ ቡናማ ነጠብጣቦች ሊያገኝ ይችላል፤ በፀጉሩ ሥር የተረፉ ስቴም ሴሎች (ሌሎች ሴሎችን የሚያስገኙ እናት ሴሎች) አዳዲስ ሜላኖሳይቶችን እየላኩ ነው ማለት ነው።

በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላትን ብቻ መፈለግም ስህተት ነው። ብዙዎቹ መግለጫዎች የተጻፉት በአንደኛው የዓለም ጦርነት በተጎዱ አውሮፓውያን ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች መርዙን የጣሉት ግን አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው በሚዘምቱ ኢትዮጵያውያን ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ግራጫ ወይም ይበልጥ የጠቆረ መስሎ ስለሚታይ ሙቀቱንና እብጠቱን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል።

የቋጠረውን ውሃ መርዝ አለበት ብሎ መፍራትም ስህተት ነው፤ መርዝ የለበትም።

ጥቁረቱን እንደ ማዲያት ቆጥሮ የሚያነጣ ቅባት ማዘዝም አያዋጣም፤ በእንዲህ ያለ ቅባት ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮኪኖን የሚገታው አዲስ ሜላኒን መመረቱን እንጂ ወደ ውስጠኛው ቆዳ የወረደውን አይደለም። በነጣው ቦታ ላይ ደግሞ ተስፋ ከመስጠት በፊት ፀጉሩን ማየት ይገባል፤ እሱም ከነጣ የሥሩ ክምችት አልቋል ማለት ስለሆነ ቀለሙ የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው።