ረጅም ጋማ ለድሬሳጅ ሲጎነጎን፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

በረት ውስጥ ቆሞ ሳለ የፈረሱ ጉንጉን ዓይን ይስብ ነበር። ከጆሮው ኋላ ተነስቶ እስከ ትከሻው አንድ ወጥ ሆኖ ወርዷል። ያፈነገጠ ፀጉር አልነበረውም። ሜዳ ገብቶ ሁለት ዙር ሶምሶማ እንደሄደ ግን ጭንቅላቱን መነቅነቅ ጀመረ። ጋላቢዋ ዛቡን፣ ማለትም በእጇ የያዘችውን የልጓሙን ጠፍር፣ ስታላላለት አንገቱን ወደ ታች መዘርጋት ሲገባው ወደ ላይ ሰቀለው። ከሜዳ ሲወጣ የጉንጉኑ መሃል ተንጨፍርሮ ነበር። የጎነጎንኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ፈረሱ ምንም አላጠፋምና።

የምኖረው ስድስት ኪሎ ነው። ድሮ የፈረስ እሽቅድምድም ይካሄድበት የነበረው ጃንሜዳ ለቤቴ ቅርብ ነው። ሹሩባ የተማርኩት ከእናቴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዱካ ደጃፍ ላይ ይወጣል፣ የሰፈሩ ሴት ልጆች ተራ ይይዛሉ። ስለዚህ ጋማ መጎንጎን ሲመጣ እጄ አልከበደውም። ያልገባኝ ሌላ ነገር ነበር። ሹሩባ የሚሠራው ራስ ቅል ላይ ነው፤ ራስ ቅል አይለጠጥም። የፈረስ አንገት ግን ይለጠጣል። ፈረሱ አንገቱን ሲያወርድ ከጆሮው እስከ ትከሻው ያለው የጋማ መስመር ይረዝማል። ጉንጉኑ አብሮ ካልረዘመ ሥሩን ይጎትታል።

ድሬሳጅን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ፈረሱና ጋላቢው አስቀድሞ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ሜዳ ላይ ያሳያሉ። ሜዳው 20 በ60 ሜትር ነው፤ አነስተኛው 20 በ40 ነው። ዳኞች ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ለጉንጉን ተብሎ የሚሰጥ ነጥብ የለም። ጋማው የሚጎነጎነው የአንገቱ ቅርፅ ጥርት ብሎ እንዲታይና ፀጉሩ ዛቡ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ነገር ግን ያስቸገረው ጉንጉን ፈረሱን እረፍት ከነሳው ነጥቡ በሌላ በኩል ይሄዳል።

አጭር ጋማ ያለው ፈረስ በትንንሽ የተጠቀለሉ ጉንጉኖች ይሠራለታል። ፍሪዥያን፣ አንዳሉዥያ፣ ሉሲታኖ የመሳሰሉት ዝርያዎች ግን ጋማቸው ረጅም ሆኖ እንዲቆይ ይፈለጋል። ለእነሱ የሚሆነው ከላይ ያልኩት አንድ ወጥ ጉንጉን ነው። ሦስት ዘለላ ይዛችሁ ትጀምራላችሁ፤ እየሄዳችሁ በየዙሩ አዲስ ፀጉር ትጨምራላችሁ። ሹሩባ የሚችል ሰው አንድ ጊዜ ካየው ይበቃዋል።

ፈረሱ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ አንገቱን አይዘረጋም

ዋናው ችግር ይሄ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጉንጉኑ የተሠራው ፈረሱ ቀና ብሎ ሳለ መሆኑ ነው። በረት ውስጥ አጠር ባለ ገመድ ከፍ አድርገን እናስረዋለን። ቀና ሲል የጋማው መስመር አጭር ነው። እኛ ያንን አጭር መስመር አጥብቀን እንጎነጉናለን፤ እውነትም ያምራል። ሜዳ ላይ ግን ዛቡ ላላ ብሎለት አንገቱን ወደ ፊትና ወደ ታች እንዲዘረጋ የሚጠየቅበት ክፍል አለ። በዚያች ሰዓት እያንዳንዱ የፀጉር ሥር ይሳባል። ልጅ ሆናችሁ ጠበቅ ያለ ሹሩባ ተሠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ ስሜቱን ታውቁታላችሁ። ያን ሌሊት ትራስ ላይ መተኛት እንኳ ያማል።

መፍትሄው የሚጀምረው ከገመዱ ነው። ገመዱን አርዝሙለት፤ ቢደነግጥ ወዲያው በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት። ከተቻለ የሚያውቀው ሰው ይያዝላችሁ። ጭንቅላቱ ወረድ ብሎ አንገቱ ከጀርባው ጋር እኩል ሲሆን ጎንጉኑ። ጥቂት ገለባ ፊቱ ካስቀመጣችሁለት ራሱ ያወርደዋል። እንዲህ የተሠራ ጉንጉን ፈረሱ ቀና ሲል ትንሽ ላላ ብሎ ይታያል። ይታይ። ከሚጎትት ጉንጉን ትንሽ የላላው ይሻላል፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ስትጨርሱ ፈትኑት። ካሮት ያዙና ከፊት እግሮቹ መሃል፣ በጉልበቱ ልክ አሳዩት። ሳያመነታ አንገቱን ዘርግቶ ከበላ ደህና ነው። ጀምሮ ከተመለሰ፣ ወይም ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደተወጠረ በጣታችሁ ፈልጉ። በጉንጉኑና በአንገቱ መካከል የትንሿ ጣታችሁ ጫፍ መግባት አለበት። የማይገባበት ቦታ ካለ ከዚያ ጀምሮ ፍቱትና እንደገና ሥሩት። አዎ፣ ያታክታል። ግን ሜዳ ላይ ከሚያስከፍለው ያንሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ከጆሮው ኋላ ያለው ቦታ ነው። የልጓሙ ማሰሪያ የሚያልፈው እዚያ ላይ ነው። ጉንጉኑ ከማሰሪያው ሥር ከጀመረ ቋጠሮው ተጭኖ ይቆረቁረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ልጓሙን አጥልቁለትና ማሰሪያው የት እንደሚያርፍ እዩ። ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት ጣት ያህል ትታችሁ ጀምሩ። የግንባሩን ቁንጮ ለብቻው ጎንጉኑት፤ ከጋማው ጋር አታያይዙት።

ጉንጉኑን ፈትታችሁም መነቅነቁ ካልቀረ ግን ነገሩ የጋማ አይደለም። አፉን፣ ጥርሱን፣ የልጓሙን ልክ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

መሃሉ ይረግባል፣ ከአንገቱ ይርቃል

ጉንጉኑ ጆሮው አጠገብ ቆንጆ ሆኖ ይጀምርና መሃል ሲደርስ እንደ ረገበ የልብስ ገመድ ይንጠለጠላል። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በየዙሩ የምትጨምሩት ፀጉር በዝቷል። ክብደቱ ራሱ ወደ ታች ይስበዋል። ከእርሳስ ያልወፈረ ዘለላ ይበቃል፤ ሁሌም እኩል ይሁን። ሁለተኛ፣ ፀጉር የምትጨምሩት ከሁለቱም ወገን ነው። ለራስ ፀጉር ትክክል ነው፣ እዚህ ግን አይሠራም። ከላይ፣ ከጋማው ሥር በኩል ያለውን ብቻ ጨምሩ። ሦስተኛውን ለማመን ይከብዳል እንጂ እሱም እውነት ነው፦ መሬት ላይ ቆማችሁ ነው የምትሠሩት። እጃችሁ ከአንገቱ በታች ከሆነ ሳታውቁት ወደ ታች ትስባላችሁ። ከጎኑ ጠንካራ ዱካ አድርጋችሁ ቁሙ። ክንዳችሁ ከጋማው ሥር ጋር እኩል ይሁን።

ጋማው ከየትኛው ወገን ይውረድ ለሚለው በልማድ ቀኝ ይመረጣል፤ በተፈጥሮው ወደ ግራ የሚወድቅ ከሆነ ግን አትታገሉት። በሁለቱም ወገን የሚከፈል ከሆነ ከውድድሩ ሳምንታት ቀድማችሁ እያረጠባችሁ ወደ አንድ ወገን አበጥሩት፤ በላላ ጉንጉን ለጥቂት ሰዓት ያዙት። ቀስ እያለ ይለምዳል።

ፀጉሩ ያሟልጫል፣ አይያዝም

የዚህ ጥፋት ፅዳት መውደድ ነው። ማለዳ በሻምፑ የታጠበ ጋማ ከእጅ ያመልጣል። ኮንዲሽነር ወይም ሲሊኮን ያለበት ስፕሬይ ከተጨመረበት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ስፕሬዩ ለዘወትር ማበጠሪያ ጥሩ ነው፤ ከውድድሩ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ግን ተዉት። ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፈጽሞ አይደረግም፤ ኮርቻው ይንሸራተታል።

ጋማውን ከውድድሩ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት እጠቡት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ የቀን ስሌት ይጠይቃል፤ ውሃው በመጣ ቀን ጀሪካን ሞልታችሁ አስቀምጡ። ሻምፑው በደንብ ካልለቀቀ ቆዳው ያሳክከዋል፣ ስለዚህ የማለቅለቂያው ውሃ ከማጠቢያው ይብዛ። ስትጎነጉኑ ፀጉሩን በትንሹ አርጥቡ። ከውሃ ጋር የተቀላቀለ የፀጉር ጄል በቂ መያዣ ይሰጣል። የተመታ የእንቁላል ነጭም ይሠራል፤ በኋላ ግን መታጠብ አለበት፣ አለዚያ ይደርቅና ፀጉሩን ያደርቀዋል።

ጫፉ ይፈታል፣ ኮርቻውን ይመታል

የጋማው ሥር ትከሻው ጋ ሲያልቅ የቀረውን ፀጉር እስከ ጫፉ እንዲሁ ጎንጉኑት። ከዚያ ወደ ውስጥ እጠፉትና ሥሩ ላይ ስፉት። ላስቲክ ብቻውን ለረጅም ጋማ አይታመንም፤ ሲወጠር ይበጠሳል። እኔ የምጠቀመው ወፍራም ክር ነው። መርካቶ ከክር ተራ የምገዛውን ክር በማር ሰም ላይ ሁለት ሦስቴ አሻሽቼ እወስደዋለሁ። ሰሙ ክሩ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ለጥቁር ጋማ ጥቁር፣ ለነጭ ነጭ። ከቀለሙ የወጣ ክር ከሩቅ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ባህል ፈረስ ሲያጌጥ በቀለም ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ብሎ በፈረስ ስም የሚጠራ ሕዝብ ፈረሱን ባዶውን አያወጣም፤ ዘርፍ፣ ቀይና ቢጫ ክር፣ ብር ይሰቀልበታል። ድሬሳጅ ላይ ግን ይሄ አይቻልም። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ጉንጉንን ይፈቅዳል፣ ሪባንና አበባ የመሳሰለ ጌጥ ግን ይከለክላል። የአፍንጫውንና የዓይኑን ዙሪያ ረጃጅም ፀጉሮች መላጨትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከውድድር ያስወጣል፤ ፈረሱ በእነሱ ነው የሚዳስሰው። ደስ ያለኝ ደንብ ነው።

አጫጭር ፀጉሮች ይቆማሉ

በመቀስ አትንኳቸው። ዛሬ ከቆረጣችኋቸው በሚቀጥለው ወር እንደ ብሩሽ ይቆማሉ። በጄል ወደ ታች አስተኟቸው፣ በቃ።

መጠየቅ ያለበት ግን ለምን ተሰበሩ የሚለው ነው። አንዱ አበጣጠር ነው። ደረቅ ጋማ ከሥሩ ጀምሮ በቀጭን ማበጠሪያ ሲጎተት ይበጠሳል። ከጫፉ ጀምሩ፤ የተቋጠረውን መጀመሪያ በጣት ፍቱ፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ወደ ላይ እየወጣችሁ ሂዱ። በሌላ እጃችሁ ሥሩን ያዙለት። ሌላው የአዲስ አበባ አየር ነው። በበጋ አቧራውና ፀሐዩ ያደርቀዋል፣ በክረምት ጭቃው ይለጠፍበታል። በበጋ በየቀኑ አቧራውን ማራገፍ፣ በክረምት ጭቃው ሳይደርቅ አለማበጠር ብዙ ያድናል።

ጋማው በቦታ በቦታ ይሳሳል፣ ፈረሱ ይታከካል

አንገቱን ከግንብና ከአጥር ጋር የሚፈትግ ፈረስ ጉንጉን አይሠራለትም። መጀመሪያ ይታከም።

ፀጉሩን ገልጣችሁ ሥሩን እዩ። ቅማልና ቅጫም በዓይን ይታያሉ። ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ ቅርፊት የያዘ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ወደ ሌላ ፈረስም ወደ ሰውም ይተላለፋል፣ ስለዚህ ጓንት አድርጉ፣ ብሩሹንና የአንገት ማሰሪያውን ለብቻው አስቀምጡ። ማሳከኩ ትንኝ በሚበዛበት ወቅት የሚብስ ከሆነ ቆዳው ለትንኝ ንክሻ አለርጂ ሆኖ ይሆናል። እነዚህ ትንኞች የሚወጡት በተለይ ጠዋት ማለዳና ማታ ነው፤ በነዚያ ሰዓታት በረት ውስጥ ማቆየትና አጠገቡ የታቆረ ውሃ አለመተው ይረዳል። የቱ እንደሆነ የሚለየው ግን ሐኪም ነው። ከጎረቤት ተበድሮ ቅባት መቀባት ነገሩን ያወሳስበዋል።

ከውድድር በኋላ ጋማው ተጨማዶ ይቀራል

ጉንጉኑን ማታ ሠርቶ ማሳደር የተለመደ ነው፤ እኔ አላደርገውም። ፈረሱ ሌሊት ይታከክበታል፣ ይጋደምበታል፣ ጠዋት የተበጠሰ ፀጉር ታገኛላችሁ። 40 ደቂቃ ቀድሞ መነሳት ይሻላል።

ከሜዳ እንደወጣ፣ ኮርቻው እንደወረደ ፍቱለት። ክሩን በመቀስ አትቁረጡ፤ ከክሩ ጋር ፀጉር ይሄዳል። ልብስ ሰፊዎች በሚጠቀሙበት መተርተሪያ አንድ በአንድ አውጡት። ከታች ጀምራችሁ በጣት ዘርዝሩት፣ በእርጥብ ስፖንጅ ሥሩን አሹለት። የተጨማደደው ፀጉር ሲረጥብ ይመለሳል። እዚህ ላይ ፈረሱ ብዙ ጊዜ አንገቱን እስከ መሬት ያወርድና ከጆሮው እስከ ጭራው አንድ ጊዜ ይራገፋል። ዱካውን ቀድማችሁ አንሱ።