ጎመን ሲበዛ እንቁላል ለምን ይጠፋል?

ክረምት ገብቶ የጓሮው ጎመን ሲትረፈረፍ ዶሮ አርቢዎች ስለሚደውሉ ስልኬ ዕረፍት የለውም። የዶሮዎቹ ውሃ፣ ክትባትና ቅማል ታይቷል ብዬ ልጀምር።

ኩሱ ቀላ፦ ትናንት ቀይ ሥር ሰጥታችኋል? እሱ ነው። ካልሰጣችሁ ደም ይሆናል፤ ኮክሲዲያ (አንጀት የሚያደማ ጥገኛ ተሕዋስ) ቀን አይሰጥም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ።

ደረቷ ላይ ያለው የምግብ ከረጢት በጠዋት፣ ገና ሳትበላ ጠጥሮ ተገኘ፦ ረጅም አገዳ ወይም ሣር ተጠቅልሎ ዘግቶታል። ውሃ ስጧት፣ በቀስታ እሹት፤ በማግስቱ ካልለቀቀ ሐኪም ይያት። ዘቅዝቃችሁ ለማስተፋት አትሞክሩ፣ ታንቃ ትሞትባችኋለች። ከእንግዲህ ጎመኑን ከትፉት፣ ጠጠርም አይታጣ።

እንቁላል ቀነሰ፦ ከአሥር ጥሪ ስምንቱ ይሄ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ 12 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏት። በቀን 10 እንቁላል ለምዳ 3 ሲሆንባት መጀመሪያ «ሰው አይቶብኝ ነው» አለች፤ ቀጥላ አንቲባዮቲክ ገዝታ ውሃቸው ውስጥ በጠበጠች። (ያልታመመ ዶሮ ምን በወጣው!) አመሻሽ ላይ ቆጡ ላይ ከሰፈሩት አንዷን አንስቼ ከረጢቷን ዳበስኩ። መኖ የጠገበች ዶሮ እጅ ላይ የሚሻክር ጥሬ ይሰማባታል፤ የዚህችኛዋ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ልል ነበር። ለካ ጠዋት በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚጣልላቸው አንድ ቅርጫት ጥቅል ጎመን ነው። መኖው እኩለ ቀን ላይ ሲመጣ ማን ይንካው?

ጎመን ከመቶ ከ90 በላይ ውሃ ነው። ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ገደማ መኖ በልታ ወደ 18 ግራም ፕሮቲን ታገኛለች። ይህን ከጥቅል ጎመን ላግኝ ብትል ከአንድ ኪሎ በላይ መብላት አለባት፤ እሷ ራሷ ሁለት ኪሎ አትሞላም!

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው። ጠዋት መኖ ብቻ። ጎመን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ ተከትፎ፣ ለ12 ዶሮ አንድ ሁለት እፍኝ። መኖው ራሱ መኖ ይሁን እንጂ! ፉርሽካና አቧራ ጆንያ ውስጥ ሞልቶ «የጣይ ነው» የሚል ነጋዴ አይጠፋም፤ ሳትከፍሉ በእጃችሁ ዝገኑና እዩት። ጎረቤቴ በሦስተኛው ሳምንት 9 እንቁላል ለቀመች። ዓይን መሆኑን ግን ዛሬም አልካደችም።

ቅርፊቱ ከሳሳ ቆስጣ ቀንሱ፣ ካልሲየሙን ይይዝባቸዋል።

የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ፣ አረንጓዴ የሆነ ድንች፣ ያልበሰለ ቦሎቄ በፍጹም። ሽንኩርትም ይቅር። የሻገተ አትስጡ፤ ዶሮ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አይደለችም። ፀረ ተባይ የረጫችሁትን ጎመንም፣ ዕቃው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ፣ «ለእኛ ባይሆን ለዶሮ» ብላችሁ እንዳትጥሉላቸው፤ እንቁላሉን የምትበሉት እናንተው ናችሁ።