ከፓሪስ ፋርማሲ የቆዳ ክሬም ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፓሪስ ስድስተኛው ወረዳ፣ ሩ ዱ ፉር 26 ቁጥር ላይ ያለው ሲቲፋርማ የተባለ ፋርማሲ ከሰዓት በኋላ ሲገቡበት የገና ዋዜማ ገበያ ይመስላል። ሰው ስልኩ ላይ ስም እያየ ቅርጫቱን ይሞላል። ዋጋው በእርግጥ ጥሩ ነው። ችግሩ ከዚያ የሚገዛው ዕቃ ብዙው ቤት ደርሶ መሳቢያ ውስጥ መቅረቱ ነው፤ የተገዛው በስሙ እንጂ ቱቦው ላይ በተጻፈው አይደለምና።

የለመዱትን ስም አይቶ ይዘቱም ያው ነው ማለት

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች እዚያ የለመዱትን የላ ሮሽ-ፖዜ ኤፋክላር ዱዎ የብጉር ክሬም ፈረንሳይ ውስጥ በርካሽ ሲያገኙት ሦስት አራት ያነሳሉ። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የአሜሪካው 5.5 በመቶ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ አለበት። የብጉርን ባክቴሪያ የሚገድለው፣ ፎጣና የትራስ ልብስ የሚያነጣውም እሱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ይህ ንጥረ ነገር በብጉር ኮስሞቲክስ ውስጥ አይገባም፤ እንደ መድኃኒት ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የፈረንሳዩ ዱዎ ፕላስ የሚሠራው በኒያሲናማይድና በሳሊሲሊክ አሲድ ነው። ቶሎ ለሚቆጣ ቆዳ የፈረንሳዩ ይሻላል። ያበጠ ብጉር እንዲያደርቅልዎት ከሆነ የሚፈልጉት ግን የለመዱትን ውጤት አይጠብቁ።

የተገላቢጦሹም አለ። ቢዮደርማ በፈረንሳይ ለረጅም ጊዜ ክሬአሊን ብሎ የሸጠውና በሌላው አገር ሴንሲቢዮ የሚለው የሜካፕ ማንሻ ውኃ አንድ ነው። ሁለቱንም አብሮ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የፈረንሳይኛውን ቃል ሳያዩ ጠርሙሱን ማንሳት

የላ ሮሽ-ፖዜ ሊፒካር ባለ 400 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሁለት ዓይነት አለ፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ባለ ፓምፕ፣ ሁለቱም ሊፒካር ይላሉ። «ቦም» የሚለው ገላ ታጥበው የሚቀቡት ሎሽን ነው፤ «ሲንዴ» የሚለው ደግሞ በውኃ የሚታጠቡበት እንደ ሳሙና ያለ ነገር ነው። ሲንዴውን እንደ ሎሽን ተቀብቶ የዋለ ሰው ቆዳው ይወጠራል፣ ያሳክከዋል፤ ከዚያ «ይህ ብራንድ አይስማማኝም» ይላል።

«ላቫን» ወይም «ኔቷያን» ካለ መታጠቢያ ነው። «ዴማኪያን» ሜካፕ ማንሻ ነው፤ «ሌ ዴማኪያን» ሲል ወተት ቢመስልም ፊት ላይ የሚተው ሎሽን አይደለም። «ጎማዥ» መፈግፈጊያ ነው። «አፕሬ-ሻምፗን» ሻምፖ ሳይሆን ኮንዲሽነር ነው። ለቆዳ ዓይነት ደግሞ «ፖ ሴሽ» ደረቅ፣ «ፖ ግራስ» ወዛም፣ «ፖ ሚክስት» ግንባርና አፍንጫው ወዛም ሆኖ ጉንጩ ደረቅ የሆነ ማለት ነው። «ሪሽ» የተባለው ክሬም ወፍራም ነው፣ «ሌዤር» ቀላል። በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአምብሪዮሊስ ሌ-ክሬም ነው። ሜካፕ ሠሪዎች ስለሚወዱት ሁሉም ይገዛዋል፤ ነገር ግን የንብ ሰምና የሺአ ቅቤ ስላለበት ለወዛም፣ ብጉር ለሚወጣበት ፊት ይከብዳል። በአዲስ አበባ ደረቅ የበጋ አየር ቆዳው ለሚሰነጣጠቅ ግን ጥሩ ምርጫ ነው።

ሰንስክሪኑን በመጨረሻ ማሰብ፣ ሲገዙም ቀለሙን አለመሞከር

ከፈረንሳይ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ለመመለስ ለሚያስብ ሰው የምንመክረው ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰንስክሪን እንደ መድኃኒት ስለሚቆጠር አዳዲስ የፀሐይ ማጣሪያዎች እስኪፈቀዱ ዓመታት ይፈጃል። አንቴሊዮስ ዩቪሙን 400 በተባለው የላ ሮሽ-ፖዜ ሰንስክሪን ውስጥ ያለው ሜክሶሪል 400 የሚባል ማጣሪያ የተሠራው ረጅሙን የዩቪኤ ጨረር ለመያዝ ነው፤ አንቴሊዮስ ተብሎ አሜሪካ በሚሸጠው ቱቦ ውስጥ የለም። በአውሮፓ ቱቦ ላይ «ዩቪኤ» የሚለው ጽሑፍ በክብ ውስጥ ካለ፣ የዩቪኤ መከላከያው ቢያንስ የኤስፒኤፉን (ቱቦው ላይ በቁጥር የተጻፈውን የፀሐይ መከላከያ መጠን) አንድ ሦስተኛ ያህላል ማለት ነው። ክቡን ሳያዩ አይግዙ።

ማድያት ላለበት ሰው ነገሩ ከዚህም ይበልጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የዩቪ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ጠቆር ባለ ቆዳ ማድያትን የሚያባብሰው ዩቪ ብቻ ሳይሆን ዓይናችን የሚያየው ብርሃንም ጭምር ነው። ይህን ብርሃን የሚከለክለው ቀለም ባለው ሰንስክሪን ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሐበሻ ገዢ የሚቸገረው። «ቴንቴ» የተባለው ባለ ቀለም ሰንስክሪን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአንድ ቀለም ሲሆን እሱም ለነጭ ፊት የተቀመመ ነው። «ሚኔራል» የሚለው ደግሞ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ፊትን አመድ የነፋበት ያስመስላል። መደርደሪያው ላይ መሞከሪያ ካለ የእጅ ጀርባ ላይ አይሞክሩ። ከመንጋጋዎ ጠርዝ ላይ ይቀቡ፣ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከሱቁ መብራት ወጥተው በር ላይ በፀሐይ ብርሃን ይዩት። ቅቡ ከአንገትዎ ቀለም ጋር መስመር ከሠራ ይተውት። ያን ጊዜ የሚሻለው «አንቪዚብል» የሚለውን ቀለም አልባ ፍሉይድ ወስዶ፣ ከላይ የራስዎን ፋውንዴሽን መደረብ ነው። ፋውንዴሽኑ ጀርባ ላይ ሲአይ 77491፣ 77492 እና 77499 የሚሉ ቁጥሮች ካሉ ብረት ኦክሳይዱ አለበት።

ስንት ይግዛ? የሚበቃው መጠን በአመልካችና በመካከለኛ ጣት ርዝመት ሁለት መስመር ነው፤ ለፊትና ለአንገት። በዚህ መጠን በየቀኑ ጠዋት ለሚቀባ ሰው 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ነው የሚቆየው። አንዱ ቱቦ ስድስት ወር ከቆየልዎት እየቀቡ ያሉት ከሚገባው በጣም ያነሰ ነው፤ 50 ፕላስ የሚለው ቁጥርም በዚያ መጠን አይሠራም።

መድኃኒቱን እንደ ክሬም መቀባት

ኦሜዮፕላስሚን ለከንፈር ቅባት ተብሎ በየቪዲዮው ይወደሳል። እሱ ግን መድኃኒት ነው፤ ቦሪክ አሲድ አለበት። ከንፈር ላይ በቀን አሥር ጊዜ እየቀቡ መዋጥ፣ ሕፃን ልጅ መቀባት ወይም ሰፊ የተላጠ ቆዳ ላይ ማዋል ልክ አይደለም። ለከንፈርና ለተላጠ አፍንጫ ፓንቴኖል ያለበት ሲካፕላስት ቦም ቢ5 ያንኑ ሥራ ያለ ሥጋት ይሠራል። ቢያፊንም ከፀሐይ በኋላ ለተቃጠለ ቆዳ ወፈር ተደርጎ የሚቀባ ነው፤ ከፀሐይ አይከላከልም፣ ለሚደማ ወይም ለመገለ ቁስልም አይሆንም።

መድኃኒት የሚሸጠው አረንጓዴ መስቀል ያለበት ፋርማሲ ብቻ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው «ፓራፋርማሲ» ክሬሙንና ሻምፖውን እንጂ ቢያፊንን አይሸጥልዎትም። አዳፓሊን የተባለው የብጉር መድኃኒት አሜሪካ ከ2016 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ ፈረንሳይ ግን ማዘዣ ይጠየቃሉ።

እንዲሁም ማድያት «በአንድ ሳምንት ያጠፋል» ተብሎ ከፋርማሲ ውጭ የሚሸጠውን የቆዳ ማንጫ አይንኩ። ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን በአውሮፓ ኅብረት የቆዳ ኮስሞቲክስ ውስጥ የተከለከለ ነው። በድብቅ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድም ይቀላቀልባቸዋል፤ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ሲያቆሟቸው ማድያቱ ብሶ ይመለሳል።

ውኃዎቹን በተሳሳተ መንገድ መጠቀም

የአቬን ተርማል ውኃ ፊት ላይ ተረጭቶ በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ ቆዳው እንደ ተወጠረ ይሰማል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ሶፍት ቀስ ብለው ያድርቁት፣ ወዲያው ክሬም ይቀቡ። ውኃው ያረጋጋል እንጂ ክሬምን አይተካም።

የቢዮደርማው ውኃ ደግሞ ሮዝ ክዳን ያለው ለሚቆጣ ቆዳ፣ አረንጓዴው ለወዛም ነው። ጥጡን በደንብ ያርሱት፤ ዓይን ላይ አሥር ሰከንድ ያሳርፉት እንጂ አይፈግፍጉ። ሳይታጠብ ይተዋል ቢባልም ውኃ የማይበግረው ሰንስክሪን የተቀባ ሰው ከዚያ በኋላ በፊት መታጠቢያ ቢታጠብ ይሻላል።

የታክስ ተመላሹን በዜግነት ማስላት

«ዴታክስ» የሚባለው የታክስ ተመላሽ የሚሰጠው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚኖር ሰው ነው፤ የሚታየው የሚኖሩበት አገር እንጂ የፓስፖርትዎ ቀለም አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ጀርመን የሚኖር ሰው አይመለከተውም። ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ዱባይ ወይም አዲስ አበባ የሚኖር ግን ይችላል፤ ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ ሆኖ ፈረንሳይ የቆየው ከስድስት ወር በታች ከሆነ። ከአንድ ሱቅ፣ ቢበዛ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከ100 ዩሮ በላይ መግዛት አለበት። ሦስት ፋርማሲ ውስጥ 60 60 ዩሮ ያወጣ ሰው ምንም አያገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ዋጋ ያወዳድሩ፣ ከዚያ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ይግዙ።

ፓስፖርቱን ሆቴል ትቶ መሄድ የተለመደው ጥፋት ነው፤ የተመላሹ ቅጽ የሚሠራው ፓስፖርት አሳይተው ሲከፍሉ ነው፣ ደረሰኝ ይዞ በማግስቱ መመለስ አያዋጣም። የታክሱ መጠን 20 በመቶ ቢሆንም ተመላሹን የሚያስፈጽመው ድርጅት ክፍያ ስለሚቀነስ እጅዎ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው 12 በመቶ ገደማ ነው፤ በ150 ዩሮ ግዢ 18 ዩሮ። አየር ማረፊያ ደርሰው ሻንጣ ከማስረከብዎ በፊት ፓብሎ የተባለውን ማሽን ፈልገው የቅጹን ባርኮድ ያስነብቡ። ማሽኑ ጉምሩክ ይሂዱ ካለዎት ዕቃውን ሊያዩት ይችላሉ፣ ሻንጣው ከሄደ ግን የሚያሳዩት የለም። ጉዞው በሌላ የኅብረቱ አገር በኩል ከሆነ ቅጹ የሚጸድቀው ከኅብረቱ በሚወጡበት የመጨረሻ አየር ማረፊያ ነው።

ጠርሙሱን እንደ ገዙት ሻንጣ ውስጥ መወርወር

500 ሚሊ ሊትሩን የሜካፕ ውኃ በእጅ ሻንጣ ይዘው ፍተሻ ላይ የሚጥሉት ሰዎች ዛሬም አሉ። በእጅ የሚያዘው እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው። ዩይል ፕሮዲዢዮዝ የተባለው የኑክስ ዘይት 100 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ጠርሙስ ነው፤ ክዳኑን ይፍቱ፣ አፉ ላይ የምግብ መሸፈኛ ፕላስቲክ ያድርጉ፣ መልሰው ይዝጉ፣ በፕላስተር አዙረው በዚፕ ከረጢት ይክተቱ። በግፊት የሚረጭ ጣሳ በሚጫን ሻንጣ አንዱ ከ500 ሚሊ ሊትር፣ በጠቅላላ ከ2 ሊትር መብለጥ የለበትም።

ቤት ሲደርሱ ሁሉንም በአንድ ማታ አይክፈቱ። ክዳኑ የተነሣ ማሰሮ ሥዕል ላይ 6 ወይም 12 የሚለው ቁጥር ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር ወር ስለሆነ፣ የከፈቱበትን ቀን ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። አዲሱን ክሬም መጀመሪያ ከጆሮ ኋላ ሦስት ቀን ይሞክሩ፣ ከዚያ ፊትዎ ላይ ይቀቡ፤ ሌላውን የሚጨምሩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አንዱ ካስቆጣዎት የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ያውቁታል።