የድሮ ቤት ጣውላ ለወለል ሲያውሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ቆሞ የሚያየው ግድግዳውን ነበር። እኔ ዓይኔ ወለሉ ላይ ቀረ። ሰፋፊ የዝግባ ጣውላ፣ ሦስት ትውልድ የረገጠው፣ በሰም ብዛት የጠቆረ። ጭቃና ቆርቆሮው መሐል ተወርውሮ ነበር። ከፊሉ በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። ከፊሉ እዚያው ለማገዶ ተፈለጠ።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ጣውላ ገዝተው ለቤታቸው ወይም ለቢሯቸው ወለል ማድረግ የሚፈልጉ ሰዎች በዝተዋል። ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ እንደልብ አይገኝም። ዝግባ፣ ጥድ፣ ዋንዛና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የ1986ቱ የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። ያንን የሚያህል ዝግባ ለማደግ ደግሞ ከሰው ዕድሜ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ሲበላሽ ያንገበግበኛል። የሚበላሸው ደግሞ በአብዛኛው በችኮላ ነው።

ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ መግዛት

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደው የጣውላ ክምር ያያሉ። ቀለሙ ያምራል፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ይጭናሉ። ቆይ! መጀመሪያ የእንጨቱን ዓይነት ይወቁ። አናጢ ይዘው ይሂዱና ጥግ ላይ ትንሽ በመላጊያ ያስነካልዎ። ጥድ ከሆነ ቀላ ይላል፣ ሽታውም ወዲያው ይመጣል፤ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ዝግባ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፣ ሽታ የለውም፣ መልኩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ዋንዛ ወርቃማ ቡኒ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ይከብዳል፣ ጫፉ ላይ መሰንጠቅ ይወዳል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የጥድ ውስጠኛውን ቀይ ክፍል ምስጥ እምብዛም አይደፍረውም። ዳር ያለውን ነጩን ክፍል ግን ይበላዋል። ባሕር ዛፍም ለምስጥ የተጋለጠ ነው። የተለያዩ እንጨቶችን ቀላቅለው አንድ ክፍል ውስጥ ካነጠፏቸው ደግሞ እያንዳንዱ በራሱ ልክ ያብጣል፣ በራሱ ልክ ይሸማቀቃል። ወለሉ አንድ አይሆንም።

ቀጥሎ የቤቱን የትኛውን ክፍል እንደነበረ ይጠይቁ። የሳሎን ወለል ከሆነ ጥሩ። የአጥር ቋሚ ወይም የጣሪያ ማገር ከሆነ ግን ምስጥ እንዳይነካው የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እንጨት ቫርኒሽ አይቀበልም። ሽታውም አይለቅም፣ ፀሐይ በመታው ቁጥር ይመለሳል። ለግቢ አግዳሚ ወንበር ያውሉት፤ ለመኝታ ቤት አይሆንም።

ባለቤትነቱንም ማረጋገጥ አይርሱ። በቅርስነት ከተመዘገበ ቤት የወጣ ጣውላ ርካሽ ቢሆንም አይንኩት። ቅርስን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ሕግ ይጠብቀዋል። ከሕጉ በፊትም የቤቱ ወለል ቦታው እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው።

«ያረጀ» የተባለውን ሁሉ ማመን

ትኩስ እንጨት በጭስ አጥቁሮ የድሮ ነው ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም። ብዙዎች የመጋዙን ምልክት አይተው ይፈርዳሉ። ወጣ ገባ የሆነ የእጅ መጋዝ ምልክት ካዩ ያረጀ ነው ይላሉ። እኛ አገር ግን ይህ አያስኬድም። ጣውላ በእጅ የሚሰነጥቁ ሰዎች ዛሬም አሉ።

የምስማሩን ቀዳዳ ይመልከቱ። ለብዙ ዓመት ብረት የተቀመጠበት ቀዳዳ ዙሪያው ጠቁሮ ጥቁረቱ ወደ እንጨቱ ውስጥ ዘልቆ ይገኛል። በአንድ ሳምንት የሚሠራ ነገር አይደለም። ቀዳዳዎቹም በሥርዓት በእኩል ርቀት ተደርድረው ይታያሉ፣ ጣውላው ከሥሩ ካለው ሞራሌ (ወለሉን ከሚሸከመው እንጨት) ጋር የተመታበት ቦታ ስለሆነ። ጫፉን ሲቆርጡት ደግሞ ጥቁረቱ ላይ ላዩን ብቻ ሆኖ ውስጡ እርጥብና ነጣ ያለ ከሆነ ይጠራጠሩ።

እርጥበቱን ሳይለኩ ማንጠፍ

ብዙ ወለል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔም የተማርኩት እዚህ ነው።

የእህቴን ሳሎን በነሐሴ አነጠፍን። ጣውላው ከፈረሰ ቤት የወጣ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ በሸራ ተሸፍኖ ደጅ ተቀምጧል። አናጢው «መቶ ዓመት የደረቀ እንጨት ከዚህ በላይ ምን ይደርቃል?» አለን። እኛም አመንነው። ሲያልቅ ግጥም ብሎ አማረ። በታኅሣሥ ግን በጣውላና በጣውላ መሐል የአንድ ብር ሳንቲም ቆሞ ይገባ ጀመር። እህቴ ምንጣፍ ገዝታ ሸፈነችው። መሸፈኗ እኔን አሳዘነኝ።

እንጨት ምንም ያህል ቢያረጅ ከአየሩ ጋር ውኃ መቀባበሉን አይተውም። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ በሚሆንበት ጊዜ ውሎ አድሮ ከክብደቱ ወደ 16 በመቶ የሚጠጋ ውኃ ይይዛል። አየሩ ወደ 50 በመቶ ሲወርድ እንጨቱም ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ክረምትና በጋ ልዩነታቸው ወደዚህ የቀረበ ነው። በዚህ ልዩነት 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሊጠብ ይችላል። ለአንድ ጣውላ ምንም አይደለም። ሳሎኑ ውስጥ ግን ከሠላሳ በላይ ጣውላ ጎን ለጎን ተነጥፏል።

ተቃራኒውም አለ። በየካቲት አጥብቀው ያነጠፉት ወለል በሐምሌ ያብጣል። መሄጃ ሲያጣ መሐሉ ጉብ ይላል። ስለዚህ በግድግዳው ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ዞኮሎው (ከግድግዳው ሥር የሚዞረው ክፈፍ) ይሸፍነዋል፣ ማንም አያየውም። አናጢዎ «ክፍት አይተውም፣ ያስቀይማል» ካለዎ እሺ አይበሉ።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ጣውላውን የሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ያስገቡ። በየረድፉ መሐል ቀጫጭን እንጨት እያደረጉ ይደርድሩት፣ አየር እንዲያልፍበት። መስኮቱን ከፈት ያድርጉ። ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ይቆይ፤ ወፍራም ከሆነ ወይም ዝናብ ካገኘው ወራት ይፈልጋል። የእርጥበት መለኪያ ካገኙ ብዙ ጣውላ ላይ ይለኩ፣ አንዱን ብቻ አይደለም። ለአዲስ አበባ ከ10 እስከ 12 በመቶ ላይ ሲደርስ ማንጠፍ ይቻላል። መለኪያ ከሌለዎት አንድ ጣውላ መርጠው በየሳምንቱ በሱቅ ሚዛን ይመዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። እኛ ያንን ብናደርግ ኖሮ እህቴ ምንጣፍ ባልገዛች ነበር።

ሲሚንቶውንና ከሥር ያለውን አየር መርሳት

የድሮ ቤቶችን መሠረት ልብ ብለው ያውቃሉ? ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት አላቸው፣ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ወለሉ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ከጣውላው ሥር አየር ስለሚመላለስ እርጥበት አይታቆርም። ጣውላው ያን ያህል ዓመት የቆየው በእንጨቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ድሮ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አይጥ ይገባል ብለው ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ሲደፍኑ አይቻለሁ። ወለሉን ከሥር ማበስበስ ነው። ወንፊት ሽቦ ይምቱበት፣ ይበቃል።

በአዲስ ኮንክሪት ላይ የሚያነጥፉ ከሆነ ደግሞ ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ይባላል። ለመሞከር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዳር ዳሩን በፕላስተር አጣብቀው አንድ ሁለት ቀን ይተዉት። ሲያነሱት ውስጡ ካላበው ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ገና ነው። ምድር ቤት ላይ ከሆኑ ከሞራሌው በፊት እርጥበት የሚከለክል ላስቲክ ማንጠፍ ግድ ነው።

ምስማርና ነቀዝን መናቅ

ምስማሩ ቀላል ነው። በዓይን አይተው አይተማመኑ፤ ጭንቅላቱ ተሰብሮ ውስጥ የቀረ ይኖራል። ጠንከር ያለ ማግኔት በሁለቱም በኩል ያስኪዱ። አንድ የቀረ ምስማር የመላጊያ ማሽኑን ቢላ ይሰብራል፣ ስባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ነቀዝ ይበልጥ ይከፋል። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ብቻ ካሉ ምናልባት የቆየ ጉዳት ነው። ጣውላውን በጥቁር ጨርቅ ላይ አድርገው ጥቂት ቀን ይተዉት። እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ከወረደ ውስጡ ሕይወት አለ ማለት ነው። ነጭ ጋዝ መቀባት ውስጥ ድረስ አይደርስም። ዓለም አቀፍ መስፈርት ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ ማሸጊያ እንጨት ከሚያዛቸው ማከሚያዎች አንዱ የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። የማድረቂያ ምድጃ ያለው እንጨት ቤት ካገኙ ከፍለው ያስደርጉት። ካላገኙ ያንን ጣውላ ወደ ቤት አያስገቡ፤ ነቀዙ ወደ በሩና ወደ ቁምሳጥኑ ይዛመታል።

የድሮ ቀለምን በደረቁ መፋቅ

ይህን ስህተት ሲሠራ ሳይ ዝም ማለት አልችልም። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ የወጣው በቅርብ ነው፤ የድሮው ቀለም ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። በማሽን በደረቁ ሲፈገፈግ ብናኙ ቤቱን ይሞላል። መሬት ላይ የሚድህ ሕፃን እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ቀለም ያለበት ጣውላ ካለዎ ተገልብጦ ቢነጠፍ ይሻላል ብለውም አይዘናጉ፤ በስንጥቁ ተፈርፍሮ ይወጣል። ያለ ቀለም የነበረውን ጣውላ ይምረጡ። መፋቅ የግድ ከሆነ እያረጠቡ፣ ከቤት ውጭ፣ ጥሩ ጭምብል አድርገው ይሁን። ፍርፋሪውን ላስቲክ ላይ ሰብስበው ያስወግዱት፣ በፍጹም አያቃጥሉት።

ልጎ ልጎ አዲስ ማስመሰል

የድሮ ጣውላ ገዝተው አናጢው ነጭ እስኪሆን ድረስ ሲልገው የሚያዩ ሰዎች አሉ። ከዚያማ አዲስ ጣውላ ቢገዙ ይሻል ነበር። ያ የጠቆረ ቆዳ፣ የምስማር ጠባሳው፣ በር አካባቢ የሰው እግር ያጎደጎደው ቦታ፣ የከፈሉት ለእሱ ነው። ጣውላው በውፍረትም ይጎዳል። አንዱ በሌላው የሚሰካበት ጎድጓድ ከላይ ያለው ሥጋ ስስ ነው፤ አብዝተው ከላጉት ይሰነጠቃል።

የድሮ ሰም ግን መውጣት አለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰም የተወለወለ ወለል ያደግንበት ቤት ትዝ ይለናል፤ ልጆች እግራችን ላይ ጨርቅ አስረን እየተንሸራተትን ነበር የምናበራው። ያ ሰም ብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ ቫርኒሽም ከላዩ አይይዝም፣ ይላጣል። በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) በተነከረ ጨርቅ ደጋግመው ያንሱት። ከዚያ በቀላሉ አለስልሰው ዘይት ወይም ሰም ይቀቡ። እኔ ለቤት ከቫርኒሽ ይልቅ ዘይት እመርጣለሁ፤ አንድ ቦታ ቢጫር ያንን ብቻ ማደስ ይቻላል። የተልባ ዘይት ከተጠቀሙ ግን የቀቡበትን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉት። እየደረቀ ሲሄድ በራሱ ይሞቃል፣ በራሱ እሳት ሊነሣ ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ቢሮን እንደ ቤት ማየት

ዝግባ ለስላሳ ነው። የቢሮ ወንበር ጎማና ባለ ተረከዝ ጫማ ቀን ከሌት ሲመላለስበት ይጎደጉዳል። ሰው ለሚበዛበት መግቢያ ጠንከር ያለውን እንጨት ያድርጉ፣ ዝግባውን ለስብሰባ ክፍል ይተዉት። ቢሮ ላይ ቫርኒሹ ጠንካራ ይሁን። ጣይቱ ሆቴል የእንጨት ደረጃ የወጣ ሰው እንጨት እንዴት እንደሚናገር ያውቃል። ለሆቴል ግርማ ነው። ከእርስዎ ቢሮ ሥር ላለው ጎረቤት ግን ሌላ ነው። ከሞራሌው ሥር ድምፅ የሚውጥ ነገር ያስገቡ።

ልክክ አድርጎ መግዛት

ክፍሉ 20 ካሬ ሜትር ነው ብለው 20 ካሬ አይግዙ። ጫፉ ይቆረጣል፣ የተሰነጠቀው ይወጣል፣ ነቀዝ የነካው ይጣላል። ቢያንስ 20 በመቶ ይጨምሩ፤ ጣውላው ብዙ ጉዳት ካለበት 30። ሲያልቅ ተመልሰው ያንኑ ዓይነት አያገኙም። ቤቱ ፈርሷል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈርሰው።

ከሥራው የተረፈውንም ለማገዶ አይስጡ። ውኃ ፈስሶ ወይም የከሰል ፍም ወድቆ አንድ ጣውላ የሚቀየርበት ቀን ይመጣል። አራት አምስቱን አልጋ ሥር ወይም ኮርኒስ ላይ በደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ከየትኛው ሰፈር፣ ከየትኛው ቤት እንደመጡ ይጻፉባቸው።