የሶልደሪንግ ስቴሽን የስሊፕ አሠራር እንዴት ይስተካከላል?

ሞባይል የሚጠግን ሰው የሥራ ቀኑን ቢያስተውል፣ ሶልደሪንግ አይረኑ (ሙቀቱን ከሚቆጣጠረው ስቴሽን ጋር የተያያዘው መበየጃ) ከሚበይድበት ጊዜ ይልቅ ግሎ ማስቀመጫው ላይ የሚቆይበት ጊዜ እንደሚበልጥ ይረዳል። ስታንድባይ ወይም ስሊፕ የሚባለው፣ እጀታው ሲያርፍ ሙቀቱን በራሱ የሚቀንሰው አሠራር የተሠራው ለዚህ ባዶ ጊዜ ሲሆን፣ ዋና ጥቅሙም ከመብራት ክፍያው ይልቅ ጫፉን ማዳኑ ነው። የጫፉ ውስጥ መዳብ ነው፤ ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው ቅይጥ) እንዳይበላው በቀጭን ብረት ተለብጧል። ይህ ልባጥ በ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሥራ ፈትቶ በቆየ ቁጥር ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይጠቁራል፤ የጠቆረ ጫፍ ደግሞ ሊድ አይቀበልም።

በቅድሚያ ስቴሽንዎ እጀታው ማረፉን በምን እንደሚያውቅ ይለዩ። እንደ ሃኮ ኤፍኤክስ-951 ባሉት ላይ ማስቀመጫው ራሱ በገመድ ከስቴሽኑ ጋር ስለሚገናኝ፣ እጀታው ሲገባበት ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ገመዱ ከተነቀለ ወይም እጀታው ሌላ ማስቀመጫ ላይ ከዋለ ግን ስሊፑ አይሠራም። ቲ12 በሚባለው የጫፍ ዓይነት ከሚሠሩት ርካሽ ስቴሽኖች ብዙዎቹ እጀታቸው ውስጥ የንዝረት ማብሪያ፣ ፓይንሲል የሚባለው ያለ ስቴሽን የሚሠራ መበየጃ ደግሞ እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር አላቸው። እነዚህ ጥቃቅን አይሲ (ቺፕ) ላይ እጁን አጽንቶ ለሚሠራ ሰው በሥራው መሀል ሊቀዘቅዙበት፣ ጠረጴዛውን የሚያንቀጠቅጥ ፋን አጠገብ ካለ ደግሞ ጨርሶ ላይተኙ ይችላሉ። በፓይንሲል ሴንሰሩ ምን ያህል ትንሽ እንቅስቃሴ እንደሚሰማው ከሜኑው ማስተካከል ይቻላል።

ለስሊፕ ሙቀት እኔ 150 ዲግሪን እመርጣለሁ። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው ሊድ በ183 ዲግሪ፣ እርሳስ የሌለው ኤስኤሲ305 ደግሞ በ217 አካባቢ ስለሚቀልጡ፣ በ150 ጫፉ ላይ ያለው ሊድ ረግቶ እንደ ክዳን ይሸፍነዋል። ስሊፑ በትክክል መሥራቱንም በዚሁ መመርመር ይቻላል፦ እጀታውን ሳያነሡ የሊድ ሽቦ ጫፉን ያስነኩት፤ ከቀለጠ ሙቀቱ አልወረደም።

ጊዜውን ሲወስኑ ማሞቂያውን ይመልከቱ። የቲ12 ማሞቂያ ከጫፉ ጋር አንድ አካል ስለሆነ በጥቂት ሰከንዶች ወደ ሥራ ሙቀት ይመለሳል፤ ስለዚህ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይበቃዋል። እንደ 936 ያለው የስቴሽን ሞዴል፣ ጫፉ በሴራሚክ ማሞቂያ ላይ የሚጠለቅለት፣ ዘገምተኛ ስለሆነ 5 ደቂቃ ቢሰጠው ይሻላል። መጠበቁ ካሰለቸዎት ጊዜውን ያርዝሙ እንጂ የስሊፕ ሙቀቱን አይጨምሩ።

ብዙዎቻችን እጀታውን ስናስቀምጥ ጫፉን ጠርገን እናስቀምጣለን፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ሲያስቀምጡት አዲስ ሊድ ያልብሱት፣ ሲያነሡት በነሐስ ፍቅፋቂ ይጥረጉት።

ራሱን ጨርሶ የሚያጠፋበት ምርጫ ካለው በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ይሙሉት። በሥራ መሀል መብራት ሄዶ ሱቁ ሲዘጋ ማብሪያው እንደበራ ከተረሳ፣ መብራቱ ሌሊት ሲመለስ ስቴሽኑ ማንም በሌለበት መጋል ይጀምራልና።